ሼድ አለን አሉኝ

ቤት ያለው ሰው፣ ያውም ጣሪያው የማያፈስ፣ ሙቅና ቀዝቃዛ ውሃ በአንድ ቧንቧ የሚወርድለት ሰው፣ ቤቱን ቆልፎ ሄዶ ጫካ ውስጥ መኪና ላይ ይተኛል ብትሉኝ አሜሪካ፣ ኮሎምበስ ከመምጣቴ በፊት አላምናችሁም ነበር። አሁን አምናለሁ። እኔው ራሴ ተኝቼ መጥቻለኋ።

ካምፒንግ ይሉታል። በእኛ አገር እንዲህ የሚያደርግ ሰው ወይ መንገድ ቀያሽ ነው፣ ወይ ወታደር ነው፣ ወይ ደግሞ እግዜር አያምጣውና ቤቱ የተቃጠለበት ነው። እዚህ ግን ጤነኛ ሰው ዓመቱን ሙሉ ሲጓጓ ከርሞ ይሄዳል። ሄዶ ምን ይሠራል? ወንበር ዘርግቶ ይቀመጣል። ቤቱ ወንበር ያጣ ይመስል! ከዚያ እሳት ያነዳል፣ እሳቱን ያያል፣ ጭሱ ዓይኑ ውስጥ ሲገባ ወንበሩን ያዞራል። ሲደክመው ይተኛል። ሰኞ ሥራ ገብቶ "እንዴት ደስ ይል ነበር መሰለሽ!" ይላል። አብራኝ የምትሠራ ሴት ዌርሃውስ፣ የምንሠራበት መጋዘን ውስጥ፣ ይህንኑ ስትነግረኝ "ጎሽ" እላታለሁ፤ በልቤ ግን ሌላ ነው የምላት።

እኔን እዚህ ጣጣ ውስጥ የከተተችኝ ልጄ ሶስና ናት። አሥራ ሰባት ዓመቷ ነው። ትምህርት ከመከፈቱ በፊት ከትምህርት ቤቷ ልጆችና ከሁለት አስተማሪዎች ጋር አንድ ሳምንት ድንኳን ውስጥ ልትከርም አሰበችና ወላጅ የሚፈርምበት ወረቀት ይዛ መጣች።

"ማም፣ ጀስት ሳይን ሂር።"

ጀስት! አንድ ሳምንት፣ ጫካ፣ ድንኳን፣ እና ጀስት።

እኔ ፈሪ ነኝ፤ አልደብቃችሁም። ትምህርቴን ከስድስተኛ ክፍል ነው የተውኩት፤ ፍርሃቱን ግን እስከ ዩኒቨርሲቲ ተምሬዋለሁ። ልጄ አውቶቡስ ስትሳፈር አውቶቡሱ ጥጉን እስኪታጠፍ መስኮት ላይ ቆሜ አያለሁ። አንደኛ ክፍል እያለች እንዲህ አደርግ ነበር፣ ዘንድሮም እንዲሁ ነኝ። ስልክ ደውዬ በመጀመሪያው ካላነሳች ሆስፒታል ናት፤ በሁለተኛው ካላነሳች እኔ ድንኳን ተክዬ ለቀስተኛ እየተቀበልኩ ነው። በሦስተኛው "ዋት ማም? አይ ዋዝ ኢን ዘ ሻወር" ትለኛለች። ይህችን ልጅ ነው ድብ፣ እባብና መዥገር ወዳለበት ላኪ የሚሉኝ።

"አይሆንም" አልኳት።

ባሌ ታደሰ እንደ ልማዱ መሐል ገባ። ሰው ማስታረቅ ይወዳል፤ ቤታችን ውስጥ ጠብ ሲጠፋ ያዝናል ማለት ይቻላል። "ሳታይው አይሆንም አትበይ። እኛ አንድ ጊዜ እንሞክረውና ትወስኛለሽ" አለኝ።

እዚህ ላይ ነው ብልጥ ነኝ ብዬ የተጃጃልኩት። "ይሁን" አልኩ። "ሦስታችን ሁለት ሌሊት እናድራለን። ሁለቱ ሌሊት ሳያልቅ እኔ 'ወደ ቤት እንሂድ' ካልኩ ሶስና ትቀራለች። ካላልኩ እፈርማለሁ።" ልብ በሉ፤ ቃሉ ያለው እኔ አፍ ውስጥ ነው። ገና መኪናው የሰፈራችንን መንገድ፣ ሞርስ ሮድን ሳይለቅ ልለው እችላለሁ። ሶስና ግን እጇን ዘርግታ "ዲል!" አለችኝ። ጨበጥኳት። እጇ ከእኔ እጅ መብለጡን ያየሁት ያን ጊዜ ነው።

አሁን መኪናው። ጋሽ ግርማ የሚባሉ ሂልቶፕ ሰፈር የሚኖሩ ሽማግሌ አሉን። ዕድሜያቸውን ሙሉ ትራክ ነድተው ጡረታ ሲወጡ አንድ አሮጌ አርቪ ገዙ። አርቪ ማለት አልጋ፣ ምድጃና መጸዳጃ ያለው፣ የሚነዳ ቤት ነው። አገር ላገር እዞርበታለሁ ብለው ነበር፤ ግን ከደጃቸው ፈቀቅ ብሎ አያውቅም፤ የጤፍ፣ የበርበሬና የሽንኩርት መጋዘን ሆኖ ቀረ። ታደሰ ሲጠይቃቸው "ውሰዱ፣ ምን ችግር አለው!" አሉ። ከዚያ ምክር ጀመሩ።

"የሶስና እናት፣ አንድ ነገር ብቻ ልንገርሽ። ፀሐይ ላይ እንዳታቆሙት! የጣሪያው ላስቲክ ይሰነጠቅና ዝናብ ያስገባል።"

"እሺ ጋሼ።"

ቁልፉን ሊሰጡን ሲሉ ደግሞ፣ "አንድ ነገር ብቻ። ዛፍ ሥር እንዳታቆሙት! ሙጫው ይንጠባጠብበታል፣ የወፉ ኩስ አለ፣ ቅርንጫፍ ከወደቀበት አለቀ።"

"ታዲያ የት እናቁመው ጋሼ?"

"እሱን እንግዲህ እናንተ እወቁ፤ እኔ ምን አውቃለሁ?"

እውነቱን ለመናገር እኔንም ሁለቱም አልተመቹኝም። ጴንጤ ነኝ፤ ዛፍ ሥር ያለ ጋኔን በቀትር ይይዛል የሚለውን የእናቴን ወሬ ትቼዋለሁ። ተውኩት ማለት ግን ዛፍ ሥር እቀመጣለሁ ማለት አይደለም። ፀሐዩም ቢሆን ምች አለው። ምች የእምነት ጉዳይ አይደለም፤ የጤና ጉዳይ ነው። ወጥ በልቶ እጁን ሳይታጠብ ፀሐይ ላይ የወጣ ሰው አፉ አብጦ፣ ፊቱ ቀልቶ አይቻለሁ። ዶክተሮቹ ሌላ ስም ይሰጡታል፤ እነሱ ምን ያውቃሉ።

ማክሰኞ በምሳ ሰዓቴ ካርቶን ክምር ጀርባ ቆሜ ወደ ካምፑ ደወልኩ። አንዲት ድምፀ ጎርናና ሴትዮ አነሳች። ቀኑን ጠየቀችኝ፣ የመኪናውን ርዝመት ጠየቀችኝ፣ ከዚያ፣

"ሰኒ፣ ኦር ሼድ?"

"ዋት?"

"ዱ ዩ ዋንት ሰኒ፣ ሃኒ፣ ኦር ዱ ዩ ዋንት ሼድ?"

ሰኒን አውቀዋለሁ፤ ፀሐይ ነው። ሼድ ስትለኝ ግን ልቤ በደስታ ዘለለ። ሼድ ሊጠፋኝ ነው? ታናሽ ወንድሜ አገር ቤት ከአምስት ጓደኞቹ ጋር ተደራጅቶ በርና መስኮት የሚበይደው ቀበሌ በሰጣቸው ሼድ ውስጥ ነበር። ወፍራም የብረት ምሰሶ፣ ከላይ ቆርቆሮ፣ ከሦስት ጎን ቆርቆሮ፣ ፊቱ ክፍት። ከባድ መኪና ሲገባበት በዓይኔ አይቻለሁ። እነዚህ ሰዎች ለካ አእምሮ አላቸው! ፀሐይም የለ፣ ዛፍም የለ፤ መኪናውን ከቆርቆሮ ሥር ከተት ማድረግ ነው። ድቡም ቢሆን በአንድ በኩል ብቻ ነው የሚመጣው።

"ሼድ! ሼድ ፕሊስ! ቢግ ሼድ!" አልኳት።

"ኦ፣ ዊ ጋት ሎትስ ኦፍ ሼድ" ብላ ሳቀች።

ለጋሽ ግርማ ስነግራቸው አልደነቃቸውም። "እንዴታ! ትልልቅ ሼድ አላቸው። እኔ ስንቱ ውስጥ አቁሜያለሁ!" አሉኝ። ሶስናም ካምፑ የላከልንን ኢሜይል አይታ "ኦኬ፣ ሼድ ኢዝ ጉድ" አለች። ሦስታችንም ሼድ አልን። እንዴት ብዬ ልጠርጥር?

ዓርብ ወጣን። መንገዱን አልተርክላችሁም። ታደሰ መሪውን እንደ ተበዳሪ አንገት አንቆ፣ እኔ ዓይኔን ጨፍኜ "በኢየሱስ ስም፣ በኢየሱስ ስም" እያልኩ፣ ከኋላ ካቢኔቱ ውስጥ የተረሳ የጋሽ ግርማ ሽንኩርት በየኩርባው እየተንከባለለ፣ የአንድ ሰዓት ተኩሉን መንገድ በሁለት ሰዓት ተኩል ደረስን። መግቢያው ላይ ያች ጎርናና ሴትዮ በመስኮት ብቅ አለች። ሠላሳ አንድ ቁጥር የተጻፈበት ወረቀትና ካርታ ሰጠችን። እንደ ቀይ ሽንኩርት የተላጠ ፊት አላት፤ ዕድሜዋን ፀሐይ ላይ የኖረች ናት።

ሼዱን ፍለጋ ጀመርን። አንድ ጊዜ ዞርን፣ የለም። ሁለተኛ ዞርን። ሶስና ከኋላ ጆሮዋን በሙዚቃ ደፍና ተኝታለች። በሦስተኛው ዙር አየሁት።

"ያውና! ታዴ፣ ያውልህ!"

ማማሩ! አረንጓዴ ቆርቆሮ፣ ወፋፍራም ምሰሶ፣ ሰፊ፣ እንደውም ከወንድሜ ሼድ ይበልጣል። ችግሩ ውስጡ ሰው ሞልቷል። ጠረጴዛ ደርድረው፣ ፊኛ ሰቅለው፣ ስጋ እየጠበሱ፣ አንዲት ነጭ ፀጉር አሮጊት መሐል ላይ አክሊል ደፍተው ተቀምጠዋል። የሰው ልደት ነው።

"ቦታችን ላይ ድግስ ደግሰዋል!" አልኩት ታደሰን።

"አላወቁ ይሆናል። ቀስ ብለን እንግባ፤ ሲያዩን ይነሳሉ።"

ባሌ ትሑት ሰው ነው። ጥሩምባውን አንዴ ብቻ፣ ያውም በአክብሮት ነካ አደረገና ቀስ እያለ ገባ። የሚገርመው ሰዎቹ እጃቸውን አውለበለቡልን! ዘመድ ከሩቅ የመጣ መስሏቸው ነው መሰለኝ። አንዱ ወፍራም ሰውዬ ወንበር አነሳልን፣ ሌላው "ካም ኦን! ካም ኦን!" እያለ በእጁ መራን። እኔም በመስኮት "ሄሎ፣ ሶሪ፣ አወር ሼድ" እላቸዋለሁ። የመኪናው ጣሪያ ፊኛዎቹ ጋ ሲደርስ ነው ነገሩ የተበላሸው። ጧ! ጧ! ጧ! አሮጊቷ ጮኹ፣ ሕፃናት አለቀሱ፣ አንድ ውሻ ስጋውን ይዞ ሄደ። ያ "ካም ኦን" ሲል የነበረው ሰውዬ አሁን "ስቶፕ! ስቶፕ!" እያለ መስታወታችንን ይደበድባል።

በትንሽ የባትሪ መኪና አንድ የካምፑ ሠራተኛ እየበረረ መጣ። "ሰር! ዩ ካንት ፓርክ ኢን ሂር!"

ታደሰ ወረቀቱን አውጥቶ፣ "ዊ ቡክ! ሠርቲ ዋን! ዚስ ሼድ፣ ማይ ሼድ!"

ሶስና የነቃችው ያኔ ነው። በመስኮት ሰዎቹን አየች፣ የተንጠለጠለውን የፊኛ ቅዳጅ አየች፣ አባቷን አየች። ከዚያ ወረቀቱን ተቀብላ አነበበችና ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች።

"ኦ ማይ ጋድ። ማም፣ ሼይድ እኮ ጥላ ነው። የዛፍ ጥላ። ዛፍ!"

"ጥላን ሼድ ካሉት ሼድን ምን ሊሉት ነው?"

"ሼድ።"

"ይኸው! ያልኩት እሱን አይደል?"

"ኖ ማም። ሼድ አለ፣ ሼይ-ድ አለ።"

እንግዲህ በዚህች "ይ" ምክንያት ነው የአንዲት አሮጊት ልደት የፈረሰው። ሳልዋሽ ልንገራችሁ፣ ቋንቋ ተብሎ! ታደሰ ለጋሽ ግርማ ኮል አድርጎ ቢጠይቃቸው "እኔ እኮ ጥላ ማለቴ ነው" አሉት። ያሳፍራል፤ በዚህ ዕድሜ! ሳይዘጉ ግን "ዛፍ ሥር እንዳታቆሙት ብያለሁ!" ማለታቸው አልቀረም።

ሠላሳ አንድ ቁጥር ያለው ከአንድ ግዙፍ ዛፍ ሥር ነበር። ከጠረጴዛው ቁጭ ሳልል ጣሪያችን ላይ "ጧ!" አለ። ጠረጴዛው ሥር ገባሁ። "ጧ!" ደገመ። ታደሰ ወጥቶ አየና አንድ አረንጓዴ፣ ሎሚ የሚያህል ፍሬ ይዞ ተመለሰ። ለካ ሽኮኮ ቅርንጫፍ ላይ ሆኖ እየቀጠፈ የሚወረውረው ነው። ፍሬውስ ይሁን፤ ሽቅብ ሳይ ደግሞ ከአናታችን በላይ የእኔን ወገብ የሚያህል የደረቀ ቅርንጫፍ አለ። ያ ቅርንጫፍ እኔን ነው የሚጠብቀው። ስሜን ያውቃል።

"ፀሐይ ላይ ይቀይሩልን" አልኩ።

ታደሰና ሶስና ተያዩ። ወደ ቤት እንሂድ አላልኩም፤ ይቀይሩልን ነው ያልኩት። ሶስና ሄዳ ተነጋገረችና ሃምሳ ስምንት ቁጥር ተሰጠን። ሌሊቱንም እዚያው አደርን፤ ምንም አልበላንም፣ ማለቴ ምንም አውሬ አልበላንም።

ቅዳሜ ጠዋት ፀሐይዋ ወጣች። ጓዶች፣ ሃምሳ ስምንት ቁጥር ሜዳ ነው። አንዲት ቅጠል የለችም። በአምስት ሰዓት መኪናው ዳቦ የሚጋገርበት ሆነ። ማቀዝቀዣው ለሩብ ሰዓት አጓርቶ ቀጥ አለ። ካቢኔቱ ውስጥ የቀረው በርበሬ ሽታ ሲሞቅ ተነሳና ሦስታችንንም በየተራ አስነጠሰን። የታደሰ ራሰ በራ ቀላ፣ ከዚያ በጣም ቀላ፣ ከዚያ ቀለሙን የምጠራበት አጣሁ። እኔ ነጠላዬን እስከ ዓይኔ ተከናንቤ "ወጥ የበላ አይውጣ! ምች ነው! እጃችሁን ታጠቡ!" እያልኩ በር ላይ ቆሜያለሁ።

ጎረቤቶቻችንን ብታዩ! ባልና ሚስት ናቸው፤ በዕድሜ እኛን ያህላሉ። ራቁታቸውን ሊሆኑ ምንም ያልቀራቸው፣ ዘይት ተቀብተው ፀሐዩ ላይ ተዘርግተዋል። በየሃያው ደቂቃ ይገለበጣሉ። አንድ ጎን በሰለ፣ ይገላበጣል። ሴትየዋ "ቢዩቲፉል ደይ!" አለችኝ። "የስ" አልኳት። ምን ልበላት? አእምሮሽን ምች መቶታል ልበላት?

ሰባት ሰዓት ላይ ራሴ ዞረ። ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ። ከኋላዬ ምድጃ፣ ከፊቴ ምድጃ። ቃሉ አፌ ውስጥ መጣ። በሦስት ቃል አልጋዬ ውስጥ ነኝ፣ ልጄም ክረምቱን ሙሉ ቤቴ ናት። ታደሰ ላቡን እየጠረገ አየኝ። ለመሄድ መሪው ላይ ሊወጣ ምንም አልቀረውም፤ እሱም ደክሞታል። ሶስና ቀዝቃዛ ውሃ ይዛ መጣችና አጠገቤ ቁጢጥ አለች። ፎጣ አርጥባ አንገቴ ላይ አደረገችልኝ።

"እማ" አለችኝ። በአማርኛ። "በይው። ደክሞሻል። እኔ አልሄድም፤ ግድ የለም።"

በእንግሊዝኛ ብትለኝ ኖሮ እለው ነበር። ወይም ብትለማመጠኝ፣ ወይም ብትቆጣኝ፣ ወይም "አይ ኒው ኢት" ብላ በር ብትወረውርብኝ፣ በደስታ እለው ነበር። እሷ ግን ትታልኛለች። ሰው የያዘውን ነገር ሳትታገሉት ቢያስረክባችሁ ምን ታደርጋላችሁ? ስታይኝ ፊቷ ላይ ያየሁት ነገር እኔ አውቶቡሱ እስኪታጠፍ ሳያት ያለኝ ፊት ነው። ለካ እሷም ትፈራለች፤ ለእኔ።

"ማነው የደከመው?" አልኳት። "ይልቅ አንቺ እንግሊዝኛ ታውቂ የለ? ሂጂና ሰው የሚኖርበት ቦታ ፈልጊ።"

ሄደች። ካርታውን ይዛ በእግሯ ስትዞር ከበሩ ሆኜ አየኋት። በየቦታው ትቆማለች፣ ሽቅብ ዛፉን ታያለች፣ ቁልቁል የራሷን ጥላ ታያለች፣ እጇን ወደ ምዕራብ ዘርግታ አንድ ነገር ትለካለች። ያን በባትሪ መኪና ያባረረንን ሰው አስቁማ አወራችው፤ እሱም ሳቀ። ፊኛ የፈነዳባቸውን ሰዎች ሳይቀር ስታልፍ ሰላም አለቻቸው። በግማሽ ሰዓት ተመልሳ "ፎርቲ ፎር" አለች። "ዛፎቹ በምዕራብ በኩል ናቸው። ጠዋት ፀሐይ፣ ከሰዓት ጥላ። ከላይ ምንም ቅርንጫፍ የለም፤ አይ ቼክድ፣ ማም።"

እንዲህ ያለ ቦታ እያላቸው ያች ሴትዮ የጠየቀችኝ "ሰኒ ኦር ሼድ" ብቻ ነው! ሁለቱንም የሚባል ነገር አለ ብላ ብትነግረኝ ምን ይጎድልባት ነበር?

መኪናውን ወደኋላ ሲያስገባ አባቷን የመራችው እሷ ናት። እጇን እያወዛወዘች "ወደ ግራ ዳድ፣ ትንሽ፣ ትንሽ፣ ቁም!" ታደሰ፣ እኔ ሃያ ዓመት ስጮህበት አንድ ቀን ሰምቶኝ የማያውቅ ሰው፣ ቁም ስትለው ቆመ። ከሰዓት በኋላ ጥላው ቀስ ብሎ መጥቶ መጀመሪያ ጎማውን፣ ከዚያ በሩን፣ ከዚያ እኔን ሸፈነኝ። ወንበር ዘርግቼ ተቀመጥኩ። አዎ፣ ወንበር። አትሳቁ፤ ደስ አላለኝም። ደክሞኝ ነው።

እሑድ ጠዋት ሁለቱ ሌሊት አልቆ ነበር። ሶስና ወረቀቱን ከቦርሳዋ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። ስሜን ጻፍኩ፣ ስልኬን ጻፍኩ። ከፊርማው በላይ አንድ መስመር ቀርቷል።

"ይሄ ምንድነው የሚለው?"

"ስለ ልጅዎ የሚያሳስብዎት ነገር ካለ ይጻፉ ነው የሚለው።"

መስመሩን አየሁት። ጣቴን አያህልም። የጻፈው ሰው ልጅ ያለው አይመስለኝም። ለድቡ ብቻ አይበቃም፤ ውሃው አለ፣ ቅርንጫፉ አለ፣ ምች አለ፣ ስልክ የማይሠራበት ሸለቆ አለ፣ ስሙን የማላውቀው የሰው ልጅ ሁሉ አለ። እስክሪብቶውን ይዤ ብዙ ቆየሁ። ከዚያ በማውቃት እንግሊዝኛ፣ በትልቁ፣ "NO" ብዬ ጽፌ ፈረምኩ።

ሶስና ቀለሙ እስኪደርቅ አልጠበቀችም። ወረቀቱን አጣጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና ዚፑን እስከ መጨረሻው ዘጋችው። እናቷን ታውቃለቻ።